በገቡበት ቀን መውጣት

አንዲት ሽንኩርት ቸርቻሪ አሮጊት በማለዳ ወደ ጉልቷ ስትሄድ አዳልጧት ወደቀችና ዳሌዋ ተሰበረ። ጎረቤቶቿ በቃሬዛ ተሸክመው ከአንድ ትልቅ ሆስፒታል አደረሷት። ሐኪሞቹም ጊዜ ሳያጠፉ የተሰበረውን አውጥተው ሰው ሠራሽ ዳሌ ገጠሙላት።

ከሰዓት በኋላ የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ባለሥልጣናትና ካሜራ አስከትሎ መጣ። ንግግር የሚወድ ሰው ነበር።

«ክቡራን እንግዶቻችን፣ በሠለጠነው ዓለም ዳሌው የተቀየረ ሰው በዕለቱ ቤቱ ይገባል። እኛም ይኸው ዛሬ በእኚህ እናት ጀመርን!» አለ።

አሮጊቷ ገና በጎኗ መዞር እንኳ አልቻለችም። «ጌታዬ፣ ለዛሬ ብቻ እዚሁ ልደር» ብላ ለመነችው።

«እማማ፣ እርስዎ እኮ ድነዋል!» ብሎ ሳቀና ማይክሮፎኑን ወደ አፏ አስጠጋው። «ይልቅ ለእንግዶቻችን ይንገሩልን። ቤትዎ ሲገቡ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?»

«ድንኳን አስነቅላለሁ» አለች።

«የምን ድንኳን?»

«የራሴን የለቅሶ ድንኳን ነዋ። እኛ ሰፈር ጧት በቃሬዛ ወጥቶ ማታ በቃሬዛ የሚመለስ፣ ሐኪም ‹አይተርፍም፣ ውሰዱትና ቤቱ ይሙት› ያለው ሰው ነው። እኔን የያዘው አምቡላንስ ገና ወደ ሰፈራችን ሲታጠፍ ዕድርተኛው ድንኳኑን ይተክላል።»

ዳይሬክተሩ ማይክሮፎኑን ከአፏ አራቀ። አሮጊቷ ጋቢዋን ሰብሰብ አደረገችና፣

«እርስዎም ለቅሶ መድረስ ካሰቡ አብረን እንሂድ፤ መኪናው ቦታ አለው» አለችው።