ሲመሽ የሚቆሙ ልጆች

አንድ ሰው ነበረ፤ በአንዲት የቆላ መንደር ጤና ጣቢያ የሚሠራ ጤና መኮንን። ስንዱ ልጄ፣ አሁን «ጋሼ፣ በሽተኞቼን ጥዬ ሁለተኛ ዲግሪ ልማር ብሄድ ኃጢአት አይሆንብኝም ወይ?» ብለሽ የጠየቅሽኝን እሱም ራሱን ጠይቆ ነበር። ስለዚህ የእሱን ነገር ስሚ።

መንደሪቱ ቀን ቀን እንደማንኛውም መንደር ነበረች። ፍየል ይጮኻል፣ ሴቶች ውሃ ይቀዳሉ፣ ልጆች ይሯሯጣሉ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ግን ልጆቹ ባሉበት ይቆማሉ። አንዱ ሜዳው መካከል፣ አንዷ አጥር ሥር። አያለቅሱም፣ አይጣሩም፤ ዓይናቸው እንደተከፈተ ተተክለው ይቀራሉ። እናቶች ደጅ ወጥተው በየስማቸው ይጠሯቸዋል፤ ልጆቹም እጃቸውን ወደፊት ዘርግተው ድምፁን እየተከተሉ ይገባሉ። ከዚያ በኋላ በመንደሩ የልጅ ድምፅ አይሰማም። እንግዳ በዚያ ሰዓት ከደረሰ መላ ሰውነቱን ፍርሃት ይወረዋል።

ሽማግሌዎቹ «የገደሉ ቆሌ ነው» ይሉ ነበር። ከመንደሩ በታች ጥልቅ ገደል አለ። ቆሌው የልጆቹን ዓይን ሲመሽ ይወስዳል፣ ሲነጋ ይመልሳል፤ ካልተለማመጡት ግን ጨርሶ ያስቀረዋል ብለው ያምኑ ነበር።

ጤና መኮንኑ ነገሩ ዳፍንት የሚባለው፣ ሲመሽ ዓይን የሚጋርድ በሽታ መሆኑን ያውቃል። ከምግብ የሚጎድል ነገር እንደሚያመጣው ተምሯል። እናቶች ላመጡለት ልጆች እንክብል ይሰጣል፤ ይድናሉ። ወራት ያልፉና እነዚያው ልጆች እጃቸውን ዘርግተው ይታያሉ። «ክኒንህ ቆሌውን ያዘናጋዋል እንጂ አያባርረውም» አሉት ሽማግሌዎቹ። የጎረቤት መንደር ሰዎች ያንኑ ማሽላ ይበላሉ፣ ያንኑ ፍየል ያረባሉ፤ ልጆቻቸው ግን አምሽተው ይጫወታሉ። ለምን እዚህ ብቻ? የተማረው ትምህርት ደጁ የመጣን በሽተኛ ለማከም እንጂ መንደርን ለመመርመር አልበቃውም።

ስለዚህ በኅብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር አመለከተ። መጀመሪያ የመግቢያውን ፈተና ወደቀ፤ በሚቀጥለው ዓመት አለፈ። ሊሄድ ሲነሣ አንዲት እናት መንገድ ላይ ጠበቀችው። ወንድ ልጇን ደጋግሞ ያከመላት ሴት ናት።

«ለማን ጥለኸን ነው?» አለችው።

«ተምሬ እመለሳለሁ።»

«እስክትመለስ ቆሌው ይጠብቅሃል?»

ተሰናብቷት ሄደ።

ትምህርቱን ሳይጨርስ መርዶ ደረሰው። የዚያች እናት ልጅ ሲመሽ እንደ ልማዱ ቆሞ ሳለ አንድ ድምፅ ጠራው አሉ። አጠገቡ የቆሙት ልጆች ሁሉ ስሙ ሲጠራ ሰምተዋል። እጁን ዘርግቶ ድምፁን ተከተለ። ሬሳውን ከገደሉ ሥር አነሡት። እናቱ ግን በዚያ ሰዓት ገና ከወንዝ አልተመለሰችም ነበር። «እኔ አልጠራሁትም፣ እኔ አልጠራሁትም» እያለች ሰነበተች። ማን እንደጠራው እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ሰውየው ሻንጣውን ማሰናዳት ጀመረ። የመመረቂያ ጽሑፉን የምታማክረው መምህርት ሰምታ ወደ ማደሪያው መጣች።

«ምን ይዘህ ልትመለስ ነው?» አለችው።

«እንክብል።»

«እሱንማ ስትመጣም ነበረህ።» ቀጥላም፣ «እስካሁን የታመመው ለምን ታመመ ስትል ኖረሃል። ያልታመመውስ ለምን አልታመመም ብለህ ታውቃለህ?» አለችው።

ሻንጣው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ግን አልሄደም። ጥናቱ በደረሰ ጊዜ ያችኑ መንደር መረጠ።

ሲመለስ ደህና መጣህ ያለው ሰው የለም። ቤት ለቤት እየዞረ ምን እንደሚበሉ ጠየቀ፤ እነሱም እየተኮሳተሩ መለሱለት። አንድ ቀን ሊመሽ ሲል ጉብታ ላይ ወጥቶ ቆመ። ልጆቹ እንደ ልማዳቸው አንድ በአንድ ቆሙ፤ መንደሩም ጸጥ አለ። ከዚያ ጸጥታ ውስጥ የልጆች ሳቅ ተሰማ። ከመንደሩ ዳር፣ ከአንዲት ሸክላ ሠሪ ደጅ፣ ልጆች ይሯሯጣሉ። ከቆሙት ይልቅ የሚሮጡት አስፈሩት።

ሰዎቹን ቢጠይቅ፣ «ቡዳ ናት! የልጆቻችንን ዓይን ወስዳ ለልጆቿ ሰጠቻቸው» አሉት። በመጪው እሑድ ከአገር ሊያባርሯት ተማክረው ጨርሰዋል።

ቤቷ ሄደ። ስታየው ልጆቿን ወደ ጓዳ አስገባች። ልጆቿን ምን እንደምታበላቸው ጠየቃት።

«ሰው የሚበላውን ነው። ማሽላ፤ ፍየል ሲታረድ ደግሞ ሥጋውን፣ ጉበቱን።»

«ሌላውም ሰው እንዲሁ ነው የሚበላው።»

«ጉበት ማን ይበላል?» አለች ተገርማ። «ጉበትማ የቆሌው ነው፤ ገደል ይጣልለታል። እኛን እጃችሁ ርኩስ ነው ብለው ከለከሉን እንጂ እኛም በሰጠን ነበር።»

ሰውየው ይህን ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። የቆሌውን ድርሻ ለውጭ ሰው አይናገሩም ነበርና ማንም አልነገረውም። ለካ የልጆቹን ዓይን የሚያበራውን ምግብ፣ ስለ ልጆቹ ዓይን ብለው ገደል ሲጥሉ ኖረዋል። በጨለመባቸው ቁጥር ይጥላሉ፤ በጣሉ ቁጥር ይጨልምባቸዋል።

እሑድ ሸክላ ሠሪዋን ከማባረራቸው በፊት ፍየል አረዱ። ጉበቱ በቅጠል ላይ ተቀምጧል። ሰውየው መካከል ገብቶ ያገኘውን ሁሉ ነገራቸው። አንድ ሽማግሌ፣ «ቆሌው ቢቆጣስ? በማን ልጅ ልትሞክር ነው?» አሉት።

ያን ጊዜ ልጇ የሞተባት እናት ተነሣች። «ወስዶብኛል እኮ! ከዚህ በላይ ምን ያደርገኛል?» አለችና ጉበቱን አነሣች። ሕዝቡ ወደ ኋላ ሸሸ። ከገደሉ በኩል ረጅም ድምፅ መጣ፤ ነፋስ ነው ያሉም አሉ። እሷ ግን ጉበቱን ፍም ላይ ጠብሳ ለቀረችላት ሴት ልጇ አጎረሰቻት። ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋ። ሸክላ ሠሪዋንም በዚያ ቀን የነካት የለም።

ጥቂት ቀናት አለፉ። አንድ ምሽት ልጆቹ ሁሉ በየቦታቸው ቆሙ፤ ልጅቱም አብራ ቆመች። እናቷ ደጅ ወጣች፤ ግን አልጠራቻትም። ልጅቱ ዘወር ዘወር አለች። ከዚያም ማንም ሳይጠራት በቆሙት ልጆች መካከል ተራመደች፤ ቀና እያለች የእያንዳንዳቸውን ፊት እያየች፣ እናቷ ዘንድ ደረሰች።

ከዚያ ወዲህ በዚያች መንደር ጉበት ገደል አይጣልም። ሸክላ ሠሪዋም ከቤቷ አልተነቀለችም፤ ይቅርታ የጠየቃት ሰው ግን የለም። ጤና መኮንኑ ጽሑፉን ጨርሶ ተመረቀና ወደዚያው ጤና ጣቢያ ተመለሰ። ያች እናት ግን ዛሬም ሰላም አትለውም።

ስንዱ ልጄ፣ በሽተኞችሽ እነዚያ ልጆች ናቸው። አንቺ ደግሞ ደጅ ወጥተው እንደሚጠሩት እናቶች ነሽ፤ መጥራትሽም መልካም ነው። ግን ዕድሜ ልክሽን ስትጣሪ ብትኖሪ፣ ዓይናቸውን የሚያጨልመውን ማን ይፈልግላቸው? ስለዚህ ሂጂ። ስትሄጂ የሚወድቅ የለም ብዬ አልዋሽሽም፤ ይኖራል። መርዶው ሲደርስሽ ባዶ እጅሽን አትመለሺ፤ ከጨረስሽ በኋላም እዚያው አትቅሪ። ኃጢአት የሚሆነው እዚያው መቅረት ነው። የወደቀውን ልጅ ግን ተሸክመሽው ትኖሪያለሽ፤ እኔም እሱን ላወርድልሽ አልችልም።