የባሻ ዘውገ አማካሪነት

አንድ ቀን ሻምበል ባሻ ዘውገ ደብረ ዘይት ባለው ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው የጎረቤት ራዲዮ ሲፈታቱ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ ወጣት ከመኪና ወርዶ እጅ ነሳቸው። ሮቤል ይባላል፤ የቴሌቪዥን ድራማ አዘጋጅ ነው። በጦርነቱ ዘመን ስለነበሩት ትልልቅ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች አሥራ ሦስት ክፍል ድራማ ጀምሯልና አማካሪ ፍለጋ መምጣቱ ነበር። ባሻ ዘውገ ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የአየር ኃይል መካኒክ ሆነው የአውሮፕላን ሆድ ዕቃ ሲበረብሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ ስንት ዘመናቸው፣ እስከ ዛሬ ከኋላ ኪሳቸው ጨርቅ አይጠፋም። ሰው ሊጨብጡ ሲሉ እንኳ መጀመሪያ እጃቸውን ይጠርጋሉ።

ሮቤል ክፉ ልጅ አይደለም። ችግሩ የማያውቀው ነገር አለመኖሩ ነው። አማካሪ የፈለገውም ሊጠይቅ ሳይሆን፣ ድራማው ሲያልቅ ከሚያልፈው ስም ዝርዝር ውስጥ «አማካሪ» የምትል መስመር እንድትኖር ነው። ባሻ ይህን የተረዱት በመጀመሪያው የቀረጻ ቀን፣ ከኮምፔንሳቶና ከአሮጌ ፍሪጅ በር የተሠራውን የአብራሪ ክፍል ሲያዩ ነው። ዋናው ተዋናይ ነጭ ሻሽ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ገባና ቁልፍ አዞረ።

«ልጄ፣ ይኼ ደግሞ የምን ቁልፍ ነው?» አሉ ባሻ።

«የሞተር ማስነሻ ነዋ!»

«ቦምብ ጣይ አውሮፕላን በላዳ ቁልፍ አይነሳም እኮ።»

«ባሻ፣ ተመልካች ቁልፍ ሲዞር ካላየ መነሳቱን አያምንም። እሱን ለእኔ ይተዉት።»

ተዉለት። አብራሪው ቦምብ ሊጥል እያነጣጠረ በመገናኛ ራዲዮ ለፍቅረኛው ግጥም ሲያነብላትም ዝም አሉ። እውነተኛው አብራሪ በዚያች ሰዓት እንኳን ግጥም ትንፋሹንም ይቆጥባል። ሮቤል የጠላት አውሮፕላን የሚያሳይበት ዘዴ ስላጣ ጠላት የሚባል ነገር በድራማው ብቅ አይልም፤ ቢሆንም በየክፍሉ አንድ አውሮፕላን እየጨሰ ይወድቃል። «አንድ ካልወደቀ ሰው ጣቢያ ይቀይራል» ይላል። ባሻ ይህንንም ሆድ ይፍጀው ብለው አለፉት።

ዝም ማለት ያቃታቸው በእትዬ አስካለ ጉዳይ ነው።

እትዬ አስካለ የሃምሳ አለቃ ጉተማ ባለቤት ናቸው። ጉተማ ነፍሳቸውን ይማርና የባሻ የሥራ ባልደረባ፣ የዚያ ሁሉ ዘመን ጓደኛ ነበሩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት እንደ እሳቸው የሚያምንበት ሰው አልነበረም። አንዲት ብሎን አሥር ጊዜ ነክተው በአሥራ አንደኛው ደግሞ ይነኳታል። አብራሪ መጥቶ አውሮፕላኑን ሲረከብ በደንቡ መሠረት ፎርም ይፈርማል። ጉተማ ግን ፎርሙ አይበቃቸውም፤ ሻለቃም ይሁን ኮሎኔል ዓይን ዓይኑን እያዩ፣ «ዕቃዋ የእኔ ናት፤ አንተ ተዋስክ እንጂ አልወሰድክም። እንዳወጣሃት መልሳት» ይሉታል። አብራሪውም ያችን ቃል ሳይሰማ ከወጣ ቀኑን ሙሉ ቅር ሲለው ይውላል።

ታዲያ ድራማው መታየት ከጀመረ ወዲህ የእትዬ አስካለ ጎረቤት፣ ወይዘሮ ዘርፌ፣ አንድ ቀን ቤታቸው መጥታ እያየች፣ «ጉተማ አየር ኃይል ነበር ትይኝ አልነበር? እዚህ ያለው አብራሪ ብቻ እኮ ነው። ምናልባት በር ላይ ዘበኛ ሆኖ ይሆን?» አለቻቸው። እትዬ አስካለ በማግስቱ ባሻ ዘንድ ሄዱ።

«ባሻ፣ አማካሪው እርስዎ ነዎት አይደል? አንዴ፣ ለዓይን እንኳ፣ አንድ መካኒክ ብቅ ይበልልኝ። ያ ሰውዬ ዕድሜውን ሙሉ በዘይት ታጥቦ እየገባ የእኔን አንሶላ ሲያጠቁር የኖረው ዘበኛ ለመባል ነው እንዴ?»

«ግዴለሽም አስካለ፣ እነግረዋለሁ» አሉ ባሻ። ጓደኛቸው ከሞተ በኋላ ከሰው ዓይን ሲጠፋ ማየት አልፈለጉም።

ለሮቤል ነገሩት። ሳቀ። ደግመው ነገሩት። «ባሻ፣ ይኼ ድራማ ነው እንጂ ጋራዥ አይደለም። ግሪስ ለማየት ብሎ ቴሌቪዥን የሚከፍት የለም» አላቸው። ሦስተኛ ሲነግሩት የቀረጻ ሠራተኞቹ ሁሉ ባሻን ሲያዩ፣ «መካኒኩ የት አለ?» እያሉ መቀለድ ጀመሩ።

ስድስተኛው ክፍል እንደታየ ሮቤል ከሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ግብዣ አዘጋጀ። ተዋንያኑ መጡ፣ የጣቢያው ኃላፊዎች መጡ፣ በወጣትነታቸው እነዚያን አውሮፕላኖች ያበሩ አንድ የተከበሩ ጡረተኛ ጄኔራል ከፊት ወንበር ተቀመጡ። እትዬ አስካለም በባሻ ጋባዥነት ከወይዘሮ ዘርፌ ጋር መጥተው ከኋላ ጥግ ይዘዋል። ሮቤል ሁሉን አመስግኖ ሲያበቃ ጨዋታው ጣመውና ማይኩን እንደያዘ ወደ ባሻ ዞረ።

«አማካሪያችንን ባሻ ዘውገን ሳላነሳ ብወርድ ነውር ነው። አንድ ችግር ብቻ አለባቸው፤ ሲነጋ መካኒክ፣ ሲመሽ መካኒክ! መሪ ተዋናይ ሳይቀር መካኒክ ይሁን ሊሉኝ ምንም አልቀራቸው።» ሰው ሳቀ። «እንግዲህ ዛሬ እንግዶቻችን ይፍረዱን። ስድስት ክፍል ያለ አንድ መካኒክ ሠርተናል። ባሻ፣ እስቲ በሰው ፊት ይንገሩኝ፤ ምን ጎደለን?»

ባሻ ወደ ኋላ ዞር ብለው አዩ። እትዬ አስካለ አንገታቸውን ደፍተዋል። ወይዘሮ ዘርፌ በክርኗ ነካ አድርጋቸው የሆነ ነገር ሹክ ስትላቸውም አዩ። ባሻ ተነሡ፣ ከኋላ ኪሳቸው ጨርቃቸውን መዘዙ፣ እጃቸውን ቀስ ብለው ጠረጉና ማይኩን ተቀበሉ።

«ኧረ ምንም አልጎደለህ ልጄ» አሉ።

ሮቤል በድል አድራጊነት ለእንግዶቹ ጎንበስ አለ።

«እንዲያውም ከጭንቀት ነው የገላገልከኝ» አሉ ባሻ ቀጥለው። «ስድስት ክፍል አየሁ፣ ስድስት አውሮፕላን ወደቀ። ጠላት የለ፣ የሚተኩስ የለ፤ እንዲያው ጨስ ይልና ዱብ! ‹እነዚህ አውሮፕላኖች ምን ነክቷቸው ነው?› እያልኩ ስብሰለሰል ከረምኩ። ለካስ አንድም መካኒክ የላቸውም!»

መጀመሪያ የሳቁት ጄኔራሉ ናቸው። ከዚያ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዋናው ተዋናይ ሳይቀር፣ ነጭ ሻሹን እንደጠመጠመ፣ ጠረጴዛ ይደበድባል። ጄኔራሉ እንባቸውን እየጠረጉ ተነሥተው መጡና መዳፋቸውን ዘርግተው፣ «ባሻ፣ ፎርሙን አምጣው፤ እኔ ልፈርም» አሉ። ባሻም ባዶ እጃቸውን እንደ ፎርም ዘረጉላቸው፣ ጄኔራሉም በጣታቸው ፈረሙ።

ሰው ፊት የተረታ ሰው ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ መኮሳተር ወይም አብሮ መሳቅ። ሮቤል ምስጋና ይግባውና አብሮ ሳቀ፤ በማግስቱም ማልዶ የባሻን በር አንኳኳ።

ሰባተኛው ክፍል ላይ አንድ መካኒክ ብቅ አለ፤ አንዲት ደቂቃ ባትሞላም ታየ። ባሻ ራሳቸው ናቸው። የለበሱት ግን እትዬ አስካለ ከሳጥን ያወጡትን ቱታ ነው፤ ሆዳቸው ላይ አልዘጋ ብሎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል፤ ደረቱ ላይ በቢጫ ክር «ጉተማ» ይላል። ፎርሙን አስፈረሙና አብራሪውን ዓይን ዓይኑን እያዩ፣ «ተዋስክ እንጂ አልወሰድክም። እንዳወጣሃት መልሳት» አሉት። እትዬ አስካለ፣ ወይዘሮ ዘርፌ አጠገባቸው እንደተቀመጠች፣ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመሩት።

ከአሥራ ሦስቱ ክፍል በሰላም ተመልሳ ያረፈች አውሮፕላን የዚያን ዕለቷ ብቻ ናት።