ሩር የቀለበው ሰውና ዳኛው

አንድ ሩር የቀለበ ሰው ነበረ።

ሩር ማለት፣ አስማረ፣ በገና ጨዋታ በዱላ የሚመቷት ከጠፍር የተጠቀለለች ድቡልቡል ናት። ስልክህ ላይ የምታፈጥባቸው አሜሪካኖች የሚሻሟት ኳስ ግን ጫፍና ጫፏ የሾለ ናት፤ በእጃቸው ታቅፈዋት እየሮጡ «እግር ኳስ» ይሏታል። ይሁን፣ አገራቸው ነው። የጠየቅከኝ እንዲህ ብለህ ነው፦ «እማማ፣ ያኔ ኳሷን አልያዘም ተብሎ የተፈረደበት የአሜሪካ ተጫዋች በዛሬው ሕግ ይዟል። እንግዲህ ያ ዳኛ ሌባ አይደለም ወይ?» አፍህን ያዝና ስማኝ።

በዚያ ሰው አገር፣ ሩሯን ከአየር ላይ የቀለበ ይዟት ይሮጥ ነበር፤ ከባላጋራው ወሰን ካሻገራት መንደሩ ረታ። ሕጉ ግን አንድ ጠማማ ነገር ነበረው። ቀልቦ የወደቀ ሰው፣ ተነሥቶ እስኪቆም ድረስ ሩሯ ከእጁ ካመለጠች፣ ጭራሽ እንዳልያዛት ይቆጠርበታል። ይህን ሕግ ሕፃኑም አሮጊቷም ያውቁታል።

ሰውየው የላይኛው መንደር ተጫዋች ነው። የመጨረሻዋን ሩር ዘሎ በሁለት እጁ ቀለባት። ሮጠ። ወሰኑ ዘንድ ሲደርስ እግሩን አደናቀፈውና እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ ወደቀ። ሩሯ ወሰኑን ተሻግራለች፤ ነገር ግን ክንዱ መሬት ሲመታ አፈትልካ ወጣች። ዳኛው ዱላውን መሬት ላይ ተከለና «አልተያዘችም» አለ። የታችኛው መንደር ረታ።

ሽንፈቱስ ባልከፋ፤ በገና ተሸንፎ የማያውቅ ማን አለ? የከፋው ግጥሙ ነው። የረቱት ሰዎች እንዲህ ብለው አወረዱበት፦

«እጁ ቅቤ ነው ወይ፣ የዚያ ጎበዝ እጁ፣
ሩር ያልጸናለት ሰው፣ እንዴት ይጸናል ልጁ?»

በገና ጨዋታ ጌታም አይቆጣምና ዋጠው። ቆይቶ አገባ፤ ሴት ልጅ ወለደ። በልጅቱ ክርስትና ዕለት፣ ጠላ ያሞቀው አንዱ ባለጌ ያንኑ ግጥም ድግሱ መሀል አነሣው። እናቲቱ ሰማች። ልጇን ነጠላዋ ሥር ሸሸገቻት። ከዚያ ወዲያ ሰውየው ግጥሙን እንደ ጨዋታ መስማት አልቻለም።

ዓመታት አለፉ። የሁለቱ መንደር ሽማግሌዎች «ይህ ሕግ ዐይን ያየውን ያስክዳል» ብለው ለወጡት። ጨብጦ ወሰን ያሻገረ፣ ቢወድቅም ይዟል ተባለ። የላይኛው መንደር ሰው ወዲያው ጣቱን ወደ አሮጌው ዳኛ ቀሰረ። «ዘርፎናል! ድላችንን በልቷል!» ትናንት በዚያው ሕግ ሲረቱበት እልል ይሉ የነበሩት ናቸው እንግዲህ።

ሰውየው ብቻ አልጮኸም። ዳኛው ቤት ሄዶ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«አባቴ፣ ‹ተሳስቻለሁ› ይበሉልኝ። ድሉን አልፈልገውም። ያ ግጥም ከልጄ ላይ ይውረድልኝ።»

ዳኛው አንገቱን ደፋ። «እንዴት ልበል፣ ልጄ? ያን ቀን ሁላችሁም የተጫወታችሁት በአሮጌው ሕግ ነው። ከኋላህ ይከተልህ የነበረው ልጅ ትዝ ይልሃል? ሊጎትትህ ደርሶ ነበር። ስትደናቀፍ ሲያይ ተወህ፤ ስትወድቅ ሩሯ እንደምታመልጥህ ገምቶ ነው። በአዲሱ ሕግ ቢሆን መች ይለቅህ ነበር? አንተን ወደ ዛሬ አምጥቼ እሱን እዚያው ልተወው?»

ሰውየው ዐይኑን በጋቢው ጠርጎ ወጣ። ዳኛው ግን እንቅልፍ አልወሰደውም።

ገና ደረሰና ሁለቱም መንደር ሜዳ ወጣ። ሩሯን ወርውሮ ጨዋታውን የሚያስጀምረው ዳኛው ነው፤ ክብሩ ያ ነው። መሀል ሜዳ ቆመና ሳይወረውራት ቀረ። ያን ሰው ከነልጁ ጠራው፤ ሩሯን መዳፉ ላይ አኖረለት።

«ስሙ!» አለ። «ያን ቀን የፈረድኩትን፣ በዚያው ሕግ ብጠየቅ ዛሬም እፈርደዋለሁ። የታችኛው መንደር ድል የራሱ ነው፤ ማንም አይነካበትም። ዐይኔ ግን አይቷል፤ ይህ ሰው ሩሯን ይዟት ነበር። ሕጉ ነው ያልያዘለት። ሽማግሌዎቹም ሕጉን የለወጡት በእሱ የደረሰውን አይተው ነው። ከእንግዲህ ቅቤ እጅ የሚለው ሰው ከእኔ ጋር ይጣላ!»

ግጥሙን የገጠመው የታችኛው መንደር ሰው ጭንቅላቱን አከከና «እኛማ ቤቱ ስለመታልን ነው እንጂ…» አለ። ሚስቱ በክርኗ ጎሸመችው። የልጅቱ አባት ሩሯን ወደ ሰማይ ወረወራት። ያ ግጥም በዚያ አገር ዳግመኛ አልተሰማም።

አየህ፣ አስማረ፣ ያ የአሜሪካ ተጫዋች ይህን ሰው ይመስላል፤ የምትሰድበውም ዳኛ ይህን ዳኛ። ዳኛ የሚመዘነው በፈረደበት ቀን በእጁ በነበረው ሕግ ነው። የትናንቱን ሁሉ በዛሬ ሕግ ልፍረድ ካልክ፣ የአያትህን መቃብር ቆፍረህ ልትሟገት ነው። ሕግ ሲለወጥ ግን በአሮጌው የተጎዳ ሰው አለ፤ ውጤቱ ባለበት ይቁም፣ ስሙ ይመለስለት። አንተ ሳምንቱን ሙሉ ዳኛውን ሌባ ስትል ከረምክ። ያን የወደቀውን ልጅ «አይዞህ፣ ይዘህ ነበር» ያልከው መቼ ነው?