አልከፍትም፣ አልዘጋም ያለው ኬላ ጠባቂ

የምክር ቤት አባሏ ወይዘሮ ውድነሽ ወደ ጎረቤት አገሮች ምክር ቤቶች የጋራ ጉባኤ ልትሄድ ሦስት ቀን ሲቀራት፣ በልጅነቷ ፊደል ያስቆጠሯትን የኔታ ጥሩነህን ልትሰናበት ሄደች። በጉባኤው አገሮቹ ድንበራቸውን በአንድ ሕግ ለንግድ ይክፈቱ ወይስ አይክፈቱ የሚለው ይወሰናል። እሷ ፈርታለች።

«የኔታ፣ እኛም ደሃ፣ እነሱም ደሃ። ደሃ ለደሃ በር ቢከፍት ምን ያገኛል? ያለችንንም እንዳይወስዱብን እሰጋለሁ። ደግሞ ‹ድር ቢያብር› እንዳይሉኝ፤ እሱን በየስብሰባው ጠግቤዋለሁ» አለቻቸው።

የኔታ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተደላደሉ። ከዚያ እንዲህ ብለው ጀመሩ።

አንድ ኬላ ጠባቂ ነበረ። ስሙ ጓንጉል ይባላል። የሚጠብቀው ኬላ በሁለት አገር መካከል ያለ የገደል በር ነው፤ ጠባብነቱ ሁለት የተጫኑ አህዮችን ጎን ለጎን አያሳልፍም። ከበሩ በላይ ደገኞች ይኖራሉ። ገብስና ባቄላ ያመርታሉ፣ ጨው ግን የላቸውም። ከበሩ በታች ቆለኞች ይኖራሉ። ጨው ከምድር ቆርጠው ያወጣሉ፣ እህል ግን አይበቅልላቸውም።

ከአንዱ ወደ አንዱ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ደገኛው ግን ገብሱን ጭኖ በሌላ አቅጣጫ አራት ቀን ይጓዝና ለአንድ ሀብታም ነጋዴ ይሸጣል። ቆለኛውም ጨውን ጭኖ በራሱ መንገድ አራት ቀን ይሄድና ለዚያው ነጋዴ ይሸጣል። ከዚያ ደገኛው የቆለኛውን ጨው፣ ቆለኛው የደገኛውን ገብስ ከነጋዴው እጅ ገዝተው ይመለሳሉ። ሲሸጡም ሲገዙም ዋጋ የሚቆርጠው እሱ ነው። ይህ ለማንም እንግዳ ነገር አልነበረም። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነውና ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም።

በጓንጉል አያት ዘመን፣ በአንድ ክፉ ዓመት፣ በሩ ተከፍቶ ነበር። የደገኛው መስፈሪያ ቁና ሌላ፣ የቆለኛው ቁና ሌላ ሆነና አጎደልክብኝ፣ አታለልከኝ ተባባሉ። ዳኛ የለ፣ ሕግ የለ። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ አሥራ ዘጠኝ ሰው በሩ ላይ ወደቀ። አንዱ የጓንጉል አያት ነበር። ከዚያ ወዲህ የሁለቱም አገር ሸንጎዎች፣ ሳይመካከሩ፣ አንድ ዓይነት ሕግ አወጡ፤ በሩን የከፈተ ርስቱን ይነጠቅ፣ ከአገር ይውጣ።

ጓንጉል ይህን ሥራ ከአባቱ ወረሰ። ፍርሃቱንም አብሮ ወረሰ። ከታች ጠጠር ሲንከባለል ከሰማ ጦሩን ይጨብጣል። ቆለኛ በቅርብ አይቶ አያውቅም፤ ስለ ቆለኛ የሚያውቀው አያቱን እንደገደለ ብቻ ነው።

አንድ ዓመት በነጋዴው ከተማ ወረርሽኝ ገባ። ከተማው ደጁን ዘጋ። ገብስ ይዞ የሄደም፣ ጨው ይዞ የሄደም፣ እንደተጫነ ተመለሰ።

በመጀመሪያው ወር ማንም አልደነገጠም። በሁለተኛው ወር የደገኞች ከብት ግድግዳ ይልስ ጀመር። በሦስተኛው ላሞቹ ነጠፉ፤ ሰዉም ጨው አልባ ወጥ እየበላ ጉልበቱ ከዳው። የጓንጉል ሚስት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ምንጩ ዳር ተዝለፍልፋ ወደቀች፣ ጎረቤት ነው ደግፎ ያመጣት። ጎተራው ግን እስከ አፉ ሙሉ ነበር። ገዢ ያጣውን ገብስ ነቀዝ ይበላዋል።

ታች ያሉት እንዴት እንደከረሙ ጓንጉል ከበሩ ሆኖ ያያል። ጠዋት ጠዋት ከየጎጆው ይወጣ የነበረው ጭስ እየሳሳ መጣ። አንድ ሰሞን የሚጨሰው ቤት በጣት የሚቆጠር ሆነ። ይህ ከጩኸት የበለጠ አስፈራው። የተራበ ሰው የሚጮህ ከሆነ ያለበት ይታወቃል። ዝም ካለ ግን ምን እያሰበ ነው?

በሦስተኛው ወር ማለቂያ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ከታች አቧራ ተነሣ። ጓንጉል እጁን በግንባሩ ጋርዶ አየ። ሰው ነው፤ ወንድ፣ ሴት፣ ሽማግሌ፣ ሸክም የተሸከመ፣ ጦር የያዘ። ሊቆጥር ሞከረና አልሆነለትም። ቀንደ መለከቱን አንሥቶ ነፋ።

ደገኞቹም ጦርና ገጀራ ይዘው እየሮጡ መጡ። እንዲህ ሆኖ ሁለት ሕዝብ በሩን በሚዘጋው አግዳሚ ግንድ ግራና ቀኝ ቆመ። ጓንጉል ጀርባውን ለገዛ ወገኖቹ፣ ፊቱን ለቆለኞቹ ሰጥቶ መሐል ላይ ነበር። በቅርብ ሲያያቸው ጉንጫቸው ገብቷል፣ የያዙትን ጦር እንደ ምርኩዝ ተደግፈውታል።

አንዲት ሴት ከሰዉ ተለይታ መጣች። ከጀርባዋ ያወረደችውን አሞሌ ጨው ግንዱ ላይ አስቀመጠች።

«ወንድም ዓለም፣ ልጄ ከትናንት በስቲያ ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ልመና አልመጣሁም። ይኸው ጨው። ስፈርልኝ» አለችው።

ጓንጉል ጨውን አየ። ሚስቱ ፊቱ ድቅን አለች። እጁ ሳያዘው ወደ ግንዱ ሄደ።

«ጓንጉል! አንዷን ካስገባህ ሁሉም ይገባል! አያትህን ረሳህ?» አለ ከኋላው የሸንጎው መሪ፣ ብሩ የሚባል ቁመተ ረጅም ሽማግሌ።

«ክፈት! ከብቴ አለቀ እኮ!» አለ ሌላው፣ የራሱ ጎረቤት።

ከቆለኞቹ በኩል አንዱ «እንገፋዋለን እንጂ ምን እንለማመጣለን!» ብሎ ጮኸ። ድንጋይ ተወረወረ። የጓንጉልን ጆሮ ጠርጎ አለፈ፤ ደሙ በአንገቱ ወረደ።

ያን ጊዜ ጓንጉል ግራ ቀኙን አመዛዘነ። ቢዘጋ፣ እነዚህ የሚያጡት ነገር ስለሌላቸው ይገፋሉ፤ ደም ይፈሳል። ቢከፍት፣ ቁናውም ሁለት፣ ሕጉም ሁለት ነው፤ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ እንደ አያቱ ቀን ይሆናል። መዝጋቱም መክፈቱም ሞት ነው።

ጦሩን ወደ ገደሉ ወረወረው። ጦሩ ሲወድቅ ከድንጋይ ድንጋይ ሲጋጭ ተሰማ፤ ሰዉ ሁሉ ዝም አለ። ከዚያ አግዳሚውን ግንድ ከመንጠልጠያው አውርዶ መሬት ላይ፣ በበሩ አግድም አጋደመውና ተቀመጠበት።

«አልከፍትም፣ አልዘጋምም» አለ። ድምፁ ቀጥኖ ነበር። «የሁለታችሁም ሽማግሌዎች መጥተው እዚህ ከጎኔ ይቀመጡ። በምን ቁና እንደሚሰፈር፣ ጠብ ቢነሣ ማን እንደሚዳኝ ተነጋግረው አንድ ሕግ ያውጡ። እስከዚያ የሚያልፍ ካለ በእኔ ሬሳ ላይ ይለፍ። ፈርቻለሁ፤ አልዋሽም። እናንተም ፈርታችኋል።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከረጅም ጊዜ በኋላ አንድ የቆላ ሽማግሌ፣ ሁለት ሰው ደግፎት መጥቶ፣ የግንዱ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ብሩ ወገኖቹን ዞሮ አያቸው። ከመካከላቸው «ሂድ» የሚለው አልነበረም፣ «ተው» የሚለውም አልነበረም። እሱም መጥቶ በሌላው ጫፍ ተቀመጠ።

ሽማግሌዎቹ አምስት አምስት ሆኑ። በፍቅር አልተነጋገሩም። የአሥራ ዘጠኙ ሰው ደም ተነሣ፤ የማን አያት ቀድሞ እንደመታ ተከራከሩ። ሁለቱ ቁናዎች መጥተው አንዱ በአንዱ ተሰፈረ፤ አንዱ በሦስት እፍኝ በለጠ። ብሩ ተነሥቶ ሊሄድ ሁለት ጊዜ ቆመ። ሁለቱንም ጊዜ የጓንጉልን ደም የነካ ነጠላ አይቶ ተመልሶ ተቀመጠ። በመጨረሻ ሁለቱንም ቁናዎች ሰብረው፣ በሁለቱም ወገን ፊት አዲስ መስፈሪያ ቆረጡ። ገበያው በየሐሙሱ በሩ ላይ እንዲውል፣ ጠብ ከተነሣ ከየወገኑ ሁለት ሁለት ሰው እንዲዳኝ ተስማሙ። ክፉ ዓመት ሲመጣም አንዱ ወገን ብቻውን በር እንዳይዘጋ፣ አስቀድሞ አብረው እንዲቀመጡበት ተማማሉ።

ይህ ሁሉ ሲያልቅ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ያን ቀን ጨው ወጣ፣ ገብስ ወረደ፣ በሩ ላይ አንድም ሰው አልወደቀም። ጓንጉል ለሚስቱ ጨው ይዞ ገባ። ከሁለት ወር በኋላም በሰላም ተገላገለች። በኋላ የነጋዴው ከተማ ሲከፈት ነጋዴው የሚመጣለትን ቢጠብቅ ቢጠብቅ አጣ፤ ራሱ በበቅሎ መጥቶ ስለ ዋጋ ለመነ። ከዚያ ወዲህ የነጋዴውን ዋጋ ሁለቱ አገሮች አብረው ይሰሙት ጀመር።

ያቺ ሴት ግን ገብሷን ተሸክማ ቆላ ስትደርስ ልጇ አልቆያትም። ሽማግሌዎቹ ስለ ቁናው ሲከራከሩ ነው ያረፈው። በሚቀጥለው ሐሙስ ጨው ይዛ መጣች። ጓንጉል ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። እሷም አልወቀሰችውም። ከዚያ ወዲህ እስኪሞት ድረስ፣ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ዓይኑን ከመሬት አያነሣም ነበር ይባላል።

የኔታ ታሪካቸውን ጨረሱ።

«የጠየቅሽኝ» አሉ ቀጥለው፣ «ደሃ ከደሃ ምን ያገኛል ነው። ደጋው አንቺ ነሽ፤ ቆላው ጎረቤትሽ ነው። ያንቺ ጓዳ የጎደለው እሱ ጓሮ አለ፣ አንቺ ግን ባሕር ተሻግሮ ዞሮ ሲመጣ ትገዥዋለሽ። ይወስዱብኛል ያልሽውም ሐሰት አይደለም። ሕግ ሳይኖር የተከፈተ በር አያት ይገድላል። ስለዚህ ነው ምክር ቤት ከምክር ቤት ጋር የሚቀመጠው።»

«የኔታ፣ አሁንም ግን እፈራለሁ» አለች።

«ፍሪ» አሏት። «እዚያ ከተቀመጡት ያልፈራ ማን ነበረ? ሁለቱ ሸንጎዎች ያጠፉት በመፍራታቸው አይደለም፤ አስቀድመው መቀመጥ ሲችሉ የተራበ ሰው በሩ ላይ እስኪቆም በመጠበቃቸው ነው። እናንተ ገና ጊዜ አላችሁ። ልጄ፣ ስትከራከሩ የምታጠፉትን እያንዳንዱን ቀን የሚከፍልላችሁ ሰው አለ፤ እሱ ደግሞ ጉባኤው ውስጥ አይቀመጥም።»