የዋርካ ሜዳ ቦኖ ለእንግዳ የፈሰሰ ዕለት

አንድ ሰው ሆዱ እየጮኸ «በልቻለሁ» ሲል፣ ወይም ሐኪም ፊት ቀርቦ «ደህና ነኝ፣ ምንም አይለኝም» ሲል፣ በእኛ በዋርካ ሜዳ አጠገቡ ያለው ሰው ጣል የሚያደርግበት አንድ አባባል አለ። ልጆቻችን ከጥንት አባቶች የወረስነው ይመስላቸዋል። የምን ጥንት! ዓይኔ እያየ፣ እዚሁ ከገደሉ ማዶ ነው የተወለደው። ለመወለዱ ምክንያት የሆነውም ሰው ጎረቤቴ ነው፤ ታደገ ይባላል። ዛሬም አባባሉ በተነሳ ቁጥር ጉሮሮውን ይጠርግና ስለ ዝናቡ ማውራት ይጀምራል።

ያን ክረምት ጎርፉ በሬ የሚያህል ድንጋይ እያንከባለለ ከአምባው ወረደ። የምንጫችንን ግንብ ፈነቀለው፤ ከምንጩ እስከ ሰፈራችን የተዘረጋውን ቱቦ እንደ ሸንበቆ ሰባብሮ ወሰደው። የቀሩልን ሰው ሁሉ የሚቀዳበት ቦኖና ከበላዩ የተቀመጠው ጥቁር የውሃ ማጠራቀሚያ ሮቶ ብቻ ናቸው፤ እነሱም ባዷቸውን። ሴቶቹ ጀሪካን አዝለው ወንዝ መውረድ ጀመሩ። ወንዙ ደግሞ ድፍርስ ነው፤ ሕፃናቱ በሆድ ሕመም ማቀቁ። ግድግዳ የምንጋራት እትዬ ጦይባ የልጅ ልጇ ጤና ጣቢያ ተኝታባት ከርማ ገና መውጣቷ ነበር። «ይቺ ልጅ ሁለተኛ ያን ውሃ ከጠጣች አትተርፍልኝም» ትል ነበር፣ ላገኘችው ሰው ሁሉ።

ታዲያ አንድ ቀን ወሬ መጣ። ወሬ ልበለው እንዴ፣ የምሥራች ነው እንጂ! መንግሥት ጎርፍ ያፈረሰውን የውሃ ሥራ የሚያስጠግንበት ገንዘብ መድቧል። መጠገን ብቻ አይደለም፤ የሚመጣው ጎርፍ ደግሞ እንዳይወስደው ምንጩ በሽቦ በታሰረ ድንጋይ ይከለላል፣ ቱቦውም ጠልቆ ይቀበራል። ኢንጂነር ፍሬሰንበት የሚባል ሰው ሐሙስ ዕለት ቱቦውን በመኪና አስጭኖ ይመጣል። ግን ለጊዜው የተገኘው ቱቦ ለአንድ ሰፈር የሚበቃ ነው። ኢንጂነሩ እኛንና ከገደሉ ማዶ ያሉትን የቁልቋሎ ሰፈር ሰዎች አይቶ፣ የባሰበት ዘንድ ያራግፋል። የሌላው ተራ ለከርሞ ነው።

«የባሰብን እኛ ነን!» ብለን ጨፈርን። ሰው በችግሩ እልል ሲል ያየሁት ያኔ ነው።

ችግሩ፣ የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ታደገ መሆኑ ነው። ታደገ ደግ ነው፤ እንግዳ ከቤቱ ጦሙን ወጥቶ አያውቅም። ግን ኩራቱ አይጣል ነው! በክፉው ዓመት እንኳ ጭስ የማይወጣበት ቤት እንዳይባል ባዶ ድስት ይጥድ ነበር አሉ። ለስብሰባ ስንቀመጥ ብድግ አለና፣

«መንግሥት የላከልንን ሰው ደረቅ ቦኖ ፊት ልናቆመው ነው?» አለ።

«ደረቁን ሊያይ አይደል እንዴ የሚመጣው?» አለች እትዬ ጦይባ።

«ያያል። ማን አያይም አለ? ግን ሰውዬው አቧራ ለብሶ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ እጁን ይታጠባል፤ ከዚያ ምሳ ይበላል፤ ከዚያ ምንጩ ድረስ ወስደን ጉዳችንን እናሳየዋለን። ክፉ ወሬ ከምሳ በፊት የሚነገረው የት አገር ነው?»

«በጆግ እናስታጥበዋለና!»

«የውሃ ኢንጂነር በጆግ! ቁልቋሎዎች ይስሙና እስከ ልጅ ልጃቸው ይሳቁብን!»

ያጠፋችን ይቺ ናት። ቁልቋሎዎች ይስቁብናል ከተባለ፣ እኛ ቤታችን ቢቃጠልም እሳት እየሞቅን ነው የምንል ሰዎች ነን። ሮቶውን በወንዝ ውሃ እንሙላውና ቦኖው ለእንግዳው ይፍሰስ ተባለ፤ ጉባኤው አጨበጨበ።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ የሆነውን ባያችሁ! የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ማን ብዙ ያመጣል ተባብለው ተፎካከሩ። አህያው፣ በቅሎው፣ ሚስቱን ውሃ አግዞ የማያውቀው ወንድ ሁሉ ሳይቀር ወንዝ ወረደ። እኔ ወገቤን ያመኝ ስለነበር ማበረታታቱ ደረሰኝ፤ እሱንም አላሳነስኩም። ጎረምሶች መሰላል ላይ ተደርድረው ጀሪካን እየተቀባበሉ ሮቶው ውስጥ ይገለብጣሉ፣ ከታች ዘፈን ይወጣል። የሠርግ ቤት ሆነ እላችኋለሁ!

ሼህ እንድሪስ፣ የሰፈራችን ሽማግሌ፣ በምርኩዛቸው ተደግፈው ሲያዩ ቆዩ።

«ታደገ፣ ምን እየሠራችሁ ነው?»

«እንግዳ እየተቀበልን ነው፣ ሼህ።»

«በሽተኛ ተኩሎ ሐኪም ቤት ይሄዳል እንዴ?»

«ኧረ እርስዎ ደግሞ! ከምሳ በኋላ ሁሉንም እንነግረዋለን።»

ሐሙስ ረፋድ ላይ መኪኖቹ ብቅ አሉ። ከፊት ኢንጂነሩ፣ ከኋላ የጭነት መኪና። ቱቦው! አዲስ ቱቦ፣ በገመድ ተጠፍሮ ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃል። እልልታው ተራራውን አናጋው። እትዬ ጦይባ እየሮጠች ሄዳ ቱቦውን በእጇ ዳሰሰችው፤ እንደ ልጅ።

ኢንጂነር ፍሬሰንበት ወረደ። ቀጭን፣ ጥድፍ ጥድፍ የሚል፣ ፊቱ አቧራ የለበሰ ሰው ነው። ታደገ ነጭ ጋቢውን አጣፍቶ ቀረበና፣ «እንኳን ደህና መጡ፣ እጅዎን ይታጠቡ» ብሎ ቧንቧውን ከፈተው። ሿ! ድፍርሱ ሌሊቱን ሮቶው ውስጥ ዘቅጦ ውሃው ጠርቷል፤ እውነቴን ነው፣ እኛው የሞላነውን ውሃ እኛው ስናየው ተገረምን። እንደገና እልል!

ኢንጂነሩ እጁን ታጠበ፣ ፊቱን ታጠበ፤ ከዚያ መዳፉን ሞልቶ ወደ አፉ ሲወስድ፣

«አይጠጡት!» ብላ ጮኸች እትዬ ጦይባ።

«ለምን?» አለ ኢንጂነሩ።

«እ... ቀዝቃዛ ነው» አለ ታደገ ቀደም ብሎ። «ጉሮሮ ይይዛል።»

ሰውዬው ሳቀ። «በዚህ ፀሐይ? እንዲህ ያለ ውሃ ይዛችሁማ... ጎርፉ አልነካችሁም እንዴ?»

ታደገ አንድ ቃል ቢናገር ያበቃ ነበር። ግን እንዴት አደርክ ሲሉት፣ ቤቱ እየፈሰሰበትም፣ የሚመልሳት መልስ አለች፤ እሷው አምልጣ ወጣች።

«መንካቱንስ ነክቶናል፤ ግን እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን።»

«ጎበዞች!» አለ ኢንጂነሩ ወደ ሕዝቡ ዞሮ። «እናንተስ ራሳችሁን የቻላችሁ ሕዝብ ናችሁ! እርዳታ ሳትጠብቁ ጠግናችሁ አገኘኋችሁ። እንዲህ ካልሆነ አገር አያድግም!»

አጨበጨብን። ምን እንደተባልን ሳይገባን አጨበጨብን።

«በሉ፣ ጊዜ አልፍጅ፣ ውሃ ላጡት ልድረስላቸው።»

«ምሳስ?» አለ ታደገ ድምፁ ተሰብሮ። «ምሳ ሳይቀምሱ?»

«ሌላ ጊዜ። የተጠማ ሰው እየጠበቀኝ እኔ ምሳ ልብላ?»

ታደገ እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ። ከአፉ የወጣው ግን «በሰላም ያግባዎ» ነው።

መኪናው ዞረ። የጭነት መኪናውም ዞረ። ቱቦው እያብረቀረቀ በመጣበት ዳገት ተመለሰ፤ እኛ እጃችንን እያውለበለብን ቆመናል። መጀመሪያ የነቃችው እትዬ ጦይባ ናት።

«ታደገ! ቱቦው ሄደ እኮ!»

«እ?»

«ሄደ እኮ፣ ጉድ ሆንን! ምን ትጎለታለህ?» ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ቁልቁል ወደ ገደሉ ተፈተለከች። መኪና በድልድዩ ዞሮ ነው ቁልቋሎ የሚደርሰው፤ እግረኛ በገደሉ ያቋርጣል። ሰፈሩ በሙሉ ከኋላዋ ነጎደ። ታደገ ጋቢው ቁጥቋጦ ያዘውና ጥሎት ሮጠ። እኔም ሮጥኩ፤ ወገቤ ያመኝ እንደነበር ትዝ ያለኝ ማዶ ከደረስን በኋላ ነው።

ግን ገደል ሲወርዱት እንጂ ሲወጡት ጊዜ ይፈጃል። ስንደርስ ቁልቋሎዎች እልል እያሉ የመጨረሻዎቹን ቱቦዎች እያንከባለሉ ያወርዳሉ። ለእንግዳቸው ያዘጋጁት ነገር ቢኖር፣ ባዶ ጀሪካኖቻቸውን መንገድ ዳር መደርደርና ጎርፉ ያጣመመውን ቱቦ መሐል ሜዳ ላይ ማጋደም ነው። እማማ ስንዱ የሚባሉት ባልቴታቸው ኢንጂነሩን ገና ከመኪናው ሳይወርድ፣ «ልጄ፣ እንኳን የምትታጠብበት የምትጠጣው የለንም፣ ይቅር በለን» ብለውታል አሉ። አለቀ። ሌላ ንግግር አላስፈለጋቸውም።

ታደገ እያለከለከ መሐል ገባ። ቁልቋሎዎች ሁሉ እያዩት፣ ላቡ በፊቱ እየወረደ፣

«ጌታዬ... ውሃ የለንም» አለ።

«ምን?»

«የለንም። ምንጩ ፈርሷል፣ ቱቦው ተወስዷል። ልጆቻችን ታመዋል።»

«ታዲያ የታጠብኩበት ውሃስ?»

«ከወንዝ ነው። በአህያ አመላልሰን።»

«ለምን?»

«እጅዎን እንዲታጠቡ።»

ኢንጂነሩ እጆቹን አየ። ከዚያ ታደገን አየ። ይቆጣል ስንል ሳቁ ፈነዳ፤ እንባው እስኪወርድ። ሳቁ ሲበርድለት ግን ፊቱ ከበደ።

«ምነው ቅድም በነገራችሁኝ? የእነዚህም ምንጭ ፈርሷል፤ ቱቦው ወርዷል፣ ቃሌንም ሰጥቻለሁ። ከእነዚህ ነጥቄ ለእናንተ አልሰጥም። ምንጫችሁን ዛሬውኑ በእግሬ ሄጄ አያለሁ፤ ለከርሞ የመጀመሪያዎቹ እናንተ ናችሁ።» እውነቱን ለመናገር ቃሉን አላጠፈም፤ የዛሬው ውሃችን በዚያ ቃል የመጣ ነው። ዓመቱ ግን ረጅም ነበር።

አንዱ የቁልቋሎ ሰው አላስቻለውም። «እኛማ፣ ዋርካ ሜዳዎች ተርፏቸዋል ሲባል፣ ሲሚንቶ ማቡኪያ ውሃ እንለምናችኋለን ብለን ነበር!» አለ። ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ታደገ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

እትዬ ጦይባ ቱቦው ላይ ዘፍ ብላ ተቀምጣለች። ትሳቅ፣ ታልቅስ፣ አይለይም። «ልጅቷን ምን ላጠጣት ነው?» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። እማማ ስንዱ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡና ጉልበቷን ያዙ።

«ከእኛ ትቀጃለሽ። ውሃው ከወጣ ገደል ምን ይከለክልሻል? ዛሬ እንኳ በሩጫ ወጥተሽው የለም?»

ይኸኔ ሼህ እንድሪስ በአህያቸው ላይ ሆነው፣ በቀስታ፣ ከሁላችንም በኋላ ደረሱ። የተከመረውን ቱቦ አዩ፤ ጋቢውን ጥሎ በሸሚዝ የቆመውን ታደገን አዩ፤ ከአህያዋ ሳይወርዱ ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «አይ ታደገ፣ ጥሙን የደበቀ፣ ውሃውን አስነጠቀ» አሉ።