የዓሣው ድስት ክዳን

ሶዶ ከተማ ውስጥ አንዲት ሴት ነበረች። ዶሮ ወጥ ስትሠራ ሰፈሩ በሙሉ ምሳውን ረስቶ የእርሷን ቤት ሽታ የሚከተል፣ እንዲህ ያለች ባለሙያ ናት። ከደብረ ብርሃን ተድራ የመጣች ናት፤ ስሟን የሺመቤት እንበላት። ባሏ ኢዮብ ደግሞ የጫሞ ሐይቅ ልጅ ነው። አባቱ አቶ አንጁሎ ዕድሜያቸውን ሙሉ መረብ ሲጥሉ የኖሩ ዓሣ አጥማጅ ናቸው።

እኚህ አባት ለልጃቸው ሠርግ አልመጡም። ለምን? ቀኑ ከተቆረጠ በኋላ ስለ ተነገራቸው። እስቲ እናንተ ብትሆኑ አትቀየሙም? ቀን ተቆርጦ፣ ድንኳን ተከራይቶ፣ ሰው ሁሉ ተጠርቶ ካለቀ በኋላ «አባባ፣ ትመጣለህ?» ብትባሉስ? አቶ አንጁሎ በልጄ ሠርግ እንግዳ አልሆንም አሉና ቀሩ። ሦስት ዓመት ሙሉ የልጃቸውን ደጅ አልረገጡም። የልጅ ልጅ እንኳ ተወልዳ፣ አፏን ፈትታ፣ አያቷን የምታውቃቸው በፎቶግራፍ ነበር።

ይህ ነገር የሺመቤትን እንቅልፍ ነሳት። ቀኑን ያጣደፉት የእርሷ ቤተሰቦች ስለ ነበሩ ጥፋቱ የእኔ ነው ትላለች። ስለዚህ ሽማግሌ ላከች። አልሆነም። በወሩ ሌላ ሽማግሌ ላከች። የቤተ ክርስቲያን መሪዎችን ላከች። የአቶ አንጁሎን ታናሽ እህት ላከች። ሁለት ዓመት ሳይሞላ አራት ጊዜ! በመጨረሻ የምትልከው ሰው አለቀባትና ተወችው።

ታዲያ አንድ ሐሙስ ቀን ስልክ ተደወለ። አቶ አንጁሎ ናቸው። ቅዳሜ ለምሳ እመጣለሁ አሉ፤ ዘጉት። በቃ፣ ይህንኑ ብቻ።

ኢዮብ ዶሮሽን ሥሪላቸው፣ ማን ይጠላዋል አላት። እርሷ ግን እንዴት ተደርጎ! ለሐይቅ ሰው ዓሣ ነው የሚሠራው፣ ያኔ እንዳከበርኳቸው ያውቃሉ አለች። አሳቧ ቅን ነው። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ የሺመቤት በሕይወቷ ዓሣ ሠርታ አታውቅም።

ቅዳሜ በጠዋት ገበያ ወርዳ ስድስት ወፋፍራም ቆሮሶ የሚባል ዓሣ ገዛች። ከዚያስ ምን አደረገች መሰላችሁ? ልክ እንደ ዶሮ ያዘችው። በሎሚና በጨው ሰባት ጊዜ አጠበችው። ቆራርጣ፣ ገነጣጥላ፣ ለዶሮ በምታቁላላው ሽንኩርትና በርበሬ ውስጥ ጨመረችው። እስከዚህ ድረስ ምንም አይደል። ወጡማ ሲሸት ያሳብዳል።

ክዳኑን ከደነች። ወዲያው ልቧ ፈራ፤ ይዞ ይሆን? ከፈተች፣ አማሰለች፣ ከደነች። ጨው ገብቶት ይሆን? ከፈተች፣ አማሰለች፣ ከደነች። እሳቱ በዝቶበት ይሆን? ከፈተች፣ አማሰለች፣ ከደነች። ዶሮ ይህን ሁሉ ይችላል፤ ቀኑን ሙሉ ብታማስሉት ቅልጥሙን አይለቅም። ዓሣ ግን ዶሮ አይደለም። ለአሥረኛ ጊዜ ስትከፍት ድስቱ ውስጥ አንድም ዓሣ አልነበረም። የነበረው ቀይ ወጥና እሾህ ነው። ማማሰያውን ስታወጣ እሾህ፣ ጭልፋ ስትከት እሾህ።

በዚያች ቅጽበት የግቢው በር ተንኳኳ።

ኢዮብ አባቱን ሊቀበል ወጣ። የሺመቤት ግን ከማድ ቤት መውጣት አልቻለችም፤ ዱካ ላይ ቁጭ ብላ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ሦስት ዓመት የጠበቀችውን ሰው በእሾህ ልትቀበለው ነው። ዛሬ ተቀይመው ከሄዱ ደግሞ አይመለሱም፤ ይህን ታውቃለች።

ወንድ ልጅ፣ ያውም አማት፣ የምራቱን ማድ ቤት ደፍሮ አይገባም አይደል? ዓሣ አጥማጅ ግን በሐይቁ ዳር ራሱ አጥምዶ ራሱ አብስሎ የኖረ ነው። አቶ አንጁሎ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር በእጃቸው ይዘው ጎንበስ ብለው ገቡ። ምራታቸውን አዩ። ድስቱን ከፍተው አዩ። በእንጀራ ቁራሽ ጠቀስ አድርገው ቀመሱ።

«ወጡስ ግሩም ነው ልጄ» አሉ። «ዓሣው ወዴት ሄደ?»

የሺመቤት ከእንባዋ ጋር ሳቋ መጣ። ልጄ ብለዋታል።

ኮባውን ፈቱት። በሌሊት ከጫሞ የወጣ ቆሮሶ ነው፤ ለካስ ዓሣ አጥማጅ ባዶ እጁን አይመጣም። ሌላ ድስት አስመጡ። ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ሁለት ቃሪያ፣ ጨው፤ ይኸው ነው። ዓሣውን ሳይቆራርጡ ከላይ አስተኙት፣ ሎሚ ጨመቁበት፣ እሳቱን ቀነስ አደረጉ፣ ከደኑት። ከዚያ ዱካ ስበው ተቀመጡ።

አንድ ደቂቃ አልሞላም፤ የየሺመቤት እጅ ወደ ክዳኑ ሄደ። አቶ አንጁሎ በቀስታ መለሱት። ትንሽ ቆይቶ እጇ ደግሞ ሄደ። ደግሞ መለሱት።

«እጅሽን ሰብስቢ» አሏት። «የሚደረገውን አድርገናል። አሁን ሥራው የእሳቱ ነው። ይልቅ እኛ እንጫወት።»

ምን ይጫወቱ? ሁለቱም አንድ ነገር ብቻ ነበራቸው። የሺመቤት እንደምንም ብላ ጠየቀች። ያን ሁሉ ሽማግሌ ስልክብዎ እምቢ ያሉት ሰው፣ ማንም ሳይለምንዎ ዛሬ እንዴት መጡ አለቻቸው።

አዛውንቱ ወደ ድስቱ እያዩ ነገሯት። የመጀመሪያዎቹ ሽማግሌዎች መጥተው ሲሄዱ ልባቸው ላላ ብሎ ነበር። ልምጣ ብለው ጫማቸውን ሁሉ አስጠርገዋል። በወሩ ሌላ ሽማግሌ እንደሚመጣ ሰሙ። እኔ የማላስብ ሰው ነኝ እንዴ ብለው ተናደዱና ቀሩ። ንዴቱ በረድ ሲል ደግሞ መሪዎቹ መጡ። በረድ ሲል ደግሞ እህታቸው መጣች።

«ባለፈው ዓመት ማንም አልመጣም» አሏት። «ያን ጊዜ ናፈቃችሁኝ።»

ከዚያ በኋላ የጎረቤቶቹን ወሬ፣ የሕፃኗን ጥርስ፣ የሐይቁን ነፋስ አነሱ ጣሉ። አቶ አንጁሎ በቃ ሲሉ ክዳኑን ራሷ ከፈተችው። ዓሣው ሙሉ ነው። ከራሱ እስከ ጭራው አንድ ቦታ አልተሰበረም። በዚያ ቀን ሕፃኗ አያቷ ጭን ላይ ቁጭ ብላ፣ እርሳቸው እሾሁን በጣታቸው እየለቀሙ አጎረሷት። የቀዩንም ወጥ አልጣሉትም፤ በወንፊት አጥልለው በእንጀራ ጨረሱት።

ወገኖቼ፣ ይህች ሴት ሰነፍ ነበረች? አልነበረችም። ክፉ ነበረች? ክፉም አልነበረችም። ዓሣውን የፈጀው ጭንቀቷ ነው። አማቷንም ሁለት ዓመት ከደጇ ያራቀው ያው ጭንቀት ነው። የመጀመሪያውን ሽማግሌ መላኳ ደግ ነበር፤ ይቅርታ መጠየቅ የእኛ ድርሻ ነው። የሰው ልብ እስኪበስል መታገሥ ግን አቃታት።

እስቲ አሁን እኔን አትዩኝ፤ የየራሳችሁን ድስት እዩ።

አንቺ እህቴ፣ ባሌን ለእግዚአብሔር ሰጠሁት ብለሽ በጾም በጸሎት ያዝሽው። መልካም። ከጸሎት ተነሥተሽ ገና መቀነትሽን ሳትፈቺ፣ እስካሁን አልተለወጥክም እንዴ ብለሽ የጮኽሽበት ማን ነው? አንተ ወንድሜ፣ ወንድምህን ይቅርታ ጠየቅህ፤ እሰየው። ግን ይቅር ብለኸኛል ወይ እያልክ በሳምንት ሦስት ጊዜ የምትደውልለት ለምንድን ነው? እናንተ ወላጆች፣ ልጃችሁ በጌታ እጅ ነው ትላላችሁ፤ ታዲያ በዚያ እጅ ውስጥ ስንት ጊዜ ገብታችሁ አማሰላችሁት?

ከፈታችሁ፣ አማሰላችሁ፣ ከደናችሁ። ከዚያ ተሰበረብኝ ብላችሁ ታለቅሳላችሁ።

ዝም ብላችሁ ተኙ አላልኩም። አቶ አንጁሎም ዓሣውን አሰናድተዋል፣ ሽንኩርቱን ከትፈዋል፣ እሳቱን መጥነዋል። ድርሻችሁን አንድ ሳታስቀሩ አድርጉ። ካደረጋችሁ በኋላ ግን ዱካ ስባችሁ ተቀመጡ፤ ከእግዚአብሔር ጋርም ተጫወቱ። እርሱ እሳቱን ያውቃል። ሰዓቱንም ያውቃል። አባት ነው፤ ይናፍቃችኋልም።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ የሚከፈት ክዳን ታገኛላችሁ፤ እጃችሁም ወደዚያ ይሄዳል። ያን ጊዜ እጃችሁን ሰብስቡ።