የጨረቂት ጭብጨባ

ጨረቂት በምትባለው የቆላ መንደር ሕፃን ባለበት ቤት አጠገብ የሚያልፍ እንግዳ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ከጎጆው የልቅሶ ዜማ ሰምቶ ከበቅሎው ይወርድና ፊቱን አጨፍግጎ «እግዜር ያጥናችሁ» ይላል፤ ልጇን ታቅፋ የምታጨበጭበው እናት ደግሞ በሳቅ ትፈርሳለች። የሞተ የለም፤ የጨረቂት ልጅ የሚጫወተው በልቅሶ ዜማ ነው። ነገሩ ከዘርትሁን የመጣ ነው ይባላል።

ዘርትሁን፣ እንደሚነገረው፣ አልቃሽ ነበረች። በቁሙ ማንም ያልወደደውን ሰው እንኳ እሷ ስታሞግሰው አገር ደረቱን ይደቃ ነበር። ታዲያ ለቀብር ሲሆን ደጇ ድረስ በቅሎ ይላክላታል፤ ለሠርግና ለክርስትና ግን የጠራት የለም። ጥላዋ ሞት ይጠራል ብለው ስለሚፈሯት እሳት ልጫር ብሎ የሚመጣ ጎረቤት እንኳ አልነበራትም። ብቻዋን ተኝታ ብቻዋን ትነሣለች፤ የምታነጋግረው ፍየሏን ነበር።

በአንድ የወረርሽኝ ዓመት አንዳርጌ የሚባል ገበሬ ሚስቱ በወሊድ ሞተችበት፤ ዘመዶቹም አልቀው ስለ ነበር የምትታለብ ፍየል ወዳላት ወደ ዘርትሁን ሕፃን ልጁን አንጓችን ይዞ መጣ። እሱ ጨንቆት ነው፤ እሷ ግን ደስታዋን የምታደርግበት አጣች።

ሆኖም የገዛ ድምፅዋን ፈራችው። ይህ አንደበት ከሞት በቀር የሚያውቀው የለም ብላ፣ ልጅቱ እንዳትቀጭባት በዝምታ ታሳድጋት ጀመር። ወተትም ቅቤም አልጎደለባትም፤ ስድስት ወር ሲሞላት ግን አንጓች ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች፣ ጡጫዋን አትፈታም፣ ትንፍሽም አትል። የመንደሩ አዋላጅ እትዬ ወለላ በአጥሩ በኩል አይታ ደነገጠች።

«ዘርትሁን፣ ታጫውቻታለሽ?»

«ምን ብዬ እትዬ?»

«የመጣልሽን!»

«የሚመጣልኝማ ልቅሶ ነው።»

«እንኪያስ ልቅሶሽን አሰሚያት። ልጅ ዝም ባለ ቤት ሰው አይሆንም።»

ያን ዕለት ዘርትሁን ደረት መምታት የለመደ እጇን ከሕፃኗ እጅ ጋር ገጠመችና፣ ሌላ ዜማ ስለማታውቅ፣ በዚያው በልቅሶው እንዲህ አለች፦

«እጅሽ የት ነው እጅሽ፣ እጄ ይኸው እጄ፤
አጨብጭቢልኝና ሰው ይግባ በደጄ።»

መጀመሪያ የሕፃኗ ዓይን ዞረ። ሰንበት ብሎ ጡጫዋ ተፈታ። ኋላማ ዘርትሁን ትንፋሽ ልትስብ ስታቋርጥ «አአ» እያለች ክፍተቱን ትሞላላት ጀመር፤ በዓመቷም እያጨበጨበች ቆማ ሄደች። ከልቅሶ ሜዳ ውጭ ለዘርትሁን ሰው ሲመልስላት ያ የመጀመሪያዋ ነበር።

ይህን ጊዜ አንዳርጌ ሌላ ሚስት አግብቶ መጣ። «ውለታሽን እግዜር ይክፈልሽ እመት ዘርትሁን፤ ልጄን ልወስድ ነው» አላት። ልጅ የአባቷ ናትና አስታቀፈችው። ለሰው ሁሉ ያለቀሰችው ሴት ለራሷ አንድ ስንኝ አልወጣላትም። አንጓች በአባቷ ትከሻ ላይ ሆና እየዞረች፣ እያጨበጨበች ሄደች።

የልጅቱን ሰው መሆን ያዩ እናቶች ዜማውን ተመኙት። ዘርትሁን ከሰዓት በኋላ ደጇ ላይ ተቀምጣ ብቻዋን ታጨበጭብ ነበርና፣ ልጆቻቸውን አዝለው ከአጥሯ ውጭ እየቆሙ ዜማውን ለቀሙት። የገባ ግን አልነበረም። እንዲሁ ኖራ ሞተች፤ መሞቷም የታወቀው ጭብጨባው ከቀረ በሦስተኛው ቀን ነው ይላሉ።

ዛሬ በጨረቂት ሕፃን ሲጫወት በር አይዘጋም። ጭብጨባውን የሰማ ሁሉ፣ የተኳረፈ ጎረቤትም ቢሆን፣ ገብቶ መዳፉን ለሕፃኑ ሳይሰጥ አያልፍም። ለምን ብሎ ለጠየቀ የሽማግሌዎቹ መልስ አጭር ነው፤ «ለአንዲት ሴት ሳንገባላት ቀረን» ይላሉ።